ሐምራዊው መጋረጃና የሚያለቅሰው ሽማግሌ

ይህን ታሪክ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ብዙ ቀን አመነታሁ። አሁንም መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ትልቅ ነገር የለበትም። አንድ የጠቆረ ስዕል፣ አንድ መጋረጃና ሁለት ወንድማማቾች ናቸው ያሉበት። ከወንድማማቾቹ አንዱ አርፏል። ሌላው፣ ጋሽ ኪዳኔ፣ ስማቸውን ለውጬ እንድጽፍ ስጠይቃቸው «ጻፊ፣ ማን ያነበዋል ብለሽ ነው» አሉኝ። እኔም እንደሳቸው ነው የማስበው። ግን ባለፈው ሰሞን ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ ተጠይቄ ግማሹን ብቻ መልሼ ተቀመጥኩ፤ ቀሪው ግማሽ ከዚያ ወዲህ እረፍት ነሳኝ።

ኮሌጅ የገባሁት ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። አላሜዳ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ሳጥብ፣ ሳለብስ፣ ሳጎርስ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ጉልበቴ እምቢ ሲል ሥራ አቆምኩ። ልጄ ሳራ «ማም፣ ቤት ቁጭ ብለሽ ዩ ዊል ጌት ሲክ፤ ክላስ ውሰጂ» ብላ አስመዘገበችኝ። የሥነ ጥበብ ታሪክ የመረጥኩት ሰዓቱ ስለተመቸኝ እንጂ ስለማውቀው አይደለም። ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ መምህሯ የምትለውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ዕድሜዋ ከልጄ ብዙ አይበልጥም። አንድ ቀን ባሮክ ከሚባለው ዘመን የአንድ ቅዱስ ስዕል በሰሌዳው ላይ አወጣች። ከጨለማ ውስጥ የወጣ የሽማግሌ ፊት ነው፤ ዓይኑ ወደ ላይ፣ እጆቹ ተቆላልፈው። «ይህ ሰው ምን ይሰማዋል?» አለች። ልጆቹ «ሐዘን»፣ «እምነት»፣ «ጸጸት» አሉ። እኔ እጄን አወጣሁና «ደክሞታል» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሯ አልሳቀችም። «ሴይ ሞር» አለችኝ፤ ጨምሪ ማለቷ ነው። ምንም መጨመር አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ፊት አውቃለሁ፣ ለብዙ ዓመት በየሳምንቱ አብሬው ጸልያለሁ፣ መጋረጃም ሰፍቼለታለሁ ብዬ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ከየት ልጀምር?

ያኔ፣ ማለቴ ወደ ኦክላንድ በመጣሁባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ቤንዚን ጋሎኑ ሁለት ዶላር አይሞላም ነበር። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ አንድ ዶናት ቤት ነበረ፤ በበሩ ጥግ የእኛ ሰዎች ታክሲያቸውን ደርድረው፣ የወረቀት ኩባያ ይዘው ይቆማሉ። ቡናው ከአንድ ዶላር በታች ነበር፤ ውሃ ውሃ ይላል፤ እንጠጣዋለን። አሁን በዚያ ቦታ ላይ ወተቱን በቅጠል ቅርጽ እየሳሉ ስድስት ዶላር የሚያስከፍሉበት ቤት ተከፍቷል፤ ባለፈው ሳልፍ በመስታወቱ ውስጥ አየሁና ጥጉን ብቻ ነው ያወቅኩት። ስልኩ የሚታጠፍ ነበር። አገር ቤት ለመደወል ከሱቅ ካርድ ተገዝቶ በጥፍር ይፋቃል፤ ሰላምታው ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል። እሑድ ጠዋት ጉሙ ከባሕሩ ተነስቶ መንገዱን ሲሸፍነው ሴቶቹ ወፍራም ጃኬት ለብሰን ነጠላችንን ከላይ እንደርባለን፤ ከሩቅ ስንታይ ሁላችንም የወፈርን እንመስላለን። ወንዶቹ ትከሻው የሰፋ ኮት ይለብሳሉ፤ እጅጌው ጣታቸው ድረስ ይደርሳል። ጋሽ ኪዳኔም እንዲህ ያለ ቡናማ ኮት ነበራቸው።

ጋሽ ኪዳኔ ኤርትራዊ ናቸው፤ ያደጉት ግን አዲስ አበባ፣ አጎታቸው ቤት ነው። በወረቀት ላይ የሚጠሩትም በአጎታቸው ስም ነበር። አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ከአየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳሉ። ታክሲያቸው ውስጥ አንድ ካሴት ማጫወቻው ውስጥ ተነክሶ ቀርቷል፤ አይወጣም፣ አይገለበጥም፤ ሁልጊዜ የሚዘፍነው አንዱ ገጽ ብቻ ነው። «ሌላው ገጽ ላይ ምን እንዳለ ረስቼዋለሁ» ይሉን ነበር። ታናሽ ወንድም እንዳላቸው፣ ሳን ሆዜ እንደሚኖርም እንሰማለን። አይጠያየቁም። ኦክላንድና ሳን ሆዜ መኪና ላለው ሰው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ዘንድ ብዙ ስለነበር፣ ሰው የፖለቲካ ጉዳይ ይሆናል ብሎ አልፎት ይሄዳል። እኔም አልፌው ነበር።

ማኅበራችን የራሱ ቤተ ክርስቲያን አልነበረውም። ከአንድ የካቶሊክ ደብር ጀርባ ያለችውን ትንሽ ጸሎት ቤት ተከራይተን እንቀድስባት ነበር። በግራ በኩል፣ ወንዶች በሚቆሙበት ግድግዳ ላይ፣ የሰው ግማሽ ቁመት የሚያህል የዘይት ቀለም ስዕል ተሰቅሏል። ከዘመን ብዛትና ከሻማ ጭስ የተነሳ አብዛኛው ጠቁሯል። የሚታየው ፊቱና እጆቹ ብቻ ናቸው። ብርሃኑ ከላይ መጥቶ በአንድ ጎን ያርፍበታል፤ ሌላውን ጎን ጨለማ ውጦታል። አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ዓይኑ ወደ ላይ ያያል፤ ጠርዙ ቀልቷል፤ እንባው ገና አልወረደም፣ ሽፋሽፍቱ ሥር ቆሟል። አፍንጫው ጫፉ ላይ ቀላ ብሏል። አንገቱ ላይ ሥሩ ተገትሯል፤ ጥፍሮቹ ውስጥ አፈር አለ። አፉ ትንሽ ተከፍቷል፤ ሲያለቅስ ቆይቶ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይመስላል። መጦሪያው ውስጥ እንዲህ ያለ አፍ ብዙ አይቻለሁ። ሽማግሌ ለረጅም ጊዜ ሲያለቅስ በመጨረሻ የሚቀረው ሐዘን አይደለም፤ ድካም ነው።

እኛ ያደግነው ከሌላ ዓይነት ስዕል ጋር ነው። የእኛ ቅዱሳን ሙሉ ፊታቸውን ይሰጡናል፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቻቸውን ከፍተው ያዩናል። አያለቅሱም፤ ለማልቀስ እኛ አለን። በአንድ ጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳል ከሆነ ክፉ ነው፦ ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች፣ ሰይጣን፣ ይሁዳ። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ እናታችን ጀርባ ላይ ሆነን አይተን ያወቅነው ነው። ስለዚህ ጸሎት ቤቷ ውስጥ የገባን ቀን አንድ ዓይን አየን፣ እንባ አየን፣ ጸጸት አየን፤ ይሁዳ ነው ተባለ። መጀመሪያ ማን እንዳለው አላስታውስም። ካቶሊኮቹን የጠየቀ የለም። «ይሁዳን ለምን ሰቀላችሁት?» ብሎ አከራይን መጠየቅ ያስፈራል። የእነሱ ልማድ ይሆናል ብለን ተውነው።

ግድግዳው ላይ ያለ ነገር እንዳይነሳ በውሉ ተነግሮናል። ታዲያ በይሁዳ ፊት እንዴት ይቀደሳል? መጋረጃ ይሠራለት ተባለ፤ ሥራው ስፌት እችላለሁ ለምል ለእኔ ደረሰ። ፍሪሞንት ካለ የጨርቅ ቤት ሐምራዊ ከፋይ ገዛሁ፤ ወርቃማ ዘርፍ ጨመርኩበት፤ በቀለበት የሚሳብ አድርጌ ሰፋሁት። ሳመጣው አንዷ ሴትዮ «አንቺ፣ ለይሁዳ ይህን ያህል ምን አለፋሽ?» አለችኝ። «እጄ ሌላ አያውቅም» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሴ ሊጀመር ሲል መጋረጃውን የሚስቡት፣ ሲያልቅም የሚሰበስቡት ጋሽ ኪዳኔ ሆኑ። ማንም አላዘዛቸውም። ቦታቸውም እዚያው ስዕሉ አጠገብ ነበር። ቄሱ መስቀል ይዘው ሕዝቡን ሲያሳልሙ፣ እሳቸው መጋረጃውን ሲያስተካክሉ ይዘገያሉ።

ሳራ ያኔ ስምንት ዓመት ገደማ ይሆናታል። አንድ እሑድ ቀደም ብለን ደረስንና ስዕሉ ፊት ለፊት ቆማ አገኘኋት። ጋሽ ኪዳኔ የመጋረጃውን ጫፍ ይዘው ይጠብቋታል።

«ዋይ ኢዝ ሂ ክራይንግ?» አለቻቸው።

«ጌታውን ሸጦ ነዋ፣ ልጄ።»

«በት ሂ ሉክስ ሶሪ።»

«ማዘኑማ አዝኗል» አሉ ጋሽ ኪዳኔ። «ምን ዋጋ አለው።»

መጋረጃውን ሳቡት። ሳራ ወደ እኔ መጥታ «ማም፣ ዛትስ ኖት ፌር» አለችኝ በሹክሹክታ። ዝም በይ አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ነበረኝ፤ እንኳን ለይሁዳ ለራሴም የማስብበት ጉልበት አልነበረኝም።

ዓመታቱ እንዲህ እየተመሳሰሉ አለፉ። አዳዲስ ሰዎች በዲቪ መጡ፤ ሳንታ ክላራ ኮምፒውተር ቤት የገቡ ጎበዞችም ነበሩባቸው። ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲው በሌላ ተተካ፤ የጋሽ ኪዳኔ ካሴት ብቻ አልተተካም። ከዚያ ያ የቤት ብድር ኪሳራ መጣ። በየግቢው ደጅ የሽያጭ ምልክት ተተከለ፤ ቤንዚን አራት ዶላር አለፈ፤ የታክሲ ተሳፋሪ ጠፋ። እኛ ግን በዚያው ሰሞን ከምሥራቅ ኦክላንድ ባዶውን የቀረ አንድ አዳራሽ በረከሰ ዋጋ ገዝተን የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አደረግን። የካቶሊኮቹ ደብር ደግሞ ምዕመን አልቆበት ሊዘጋና ከሌላ ጋር ሊጣመር ነው ተባለ። የደብሩ አለቃ፣ ፋዘር ዊልያም የሚባሉ ነጭ ፀጉር ያላቸው ሽማግሌ፣ ሊሰናበቱን ጠሩን። እኔ ላስተረጉም ሄድኩ። ጋሽ ኪዳኔም ቁልፉን ለማስረከብ መጥተው ነበር።

ፋዘር ዊልያም ጸሎት ቤቷ ውስጥ ቆመው፣ እጃቸውን በከፋዩ ላይ አድርገው ተናገሩ። «ይህን ሁሉ ዓመት ቅዱስ ጴጥሮስን እንዴት እንዳከበራችሁት አይቻለሁ» አሉ። «እኛ አቧራውን እንኳን አላራገፍንለትም፤ እናንተ እንዲህ ያለ መጋረጃ አለበሳችሁት። የከበረውን ነገር በመጋረጃ መሸፈን ልማዳችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ከእናንተ ጋር ይሂድ። የእናንተ ነው።»

ከመተርጎሜ በፊት ወደ መጋረጃው ዞር አልኩ።

«ምን አሉ?» አለኝ የማኅበሩ ሊቀመንበር።

«ጴጥሮስ ነው ይላሉ።»

«ማን?»

«እሱ። ስዕሉ።»

ልማዳችንስ እውነት ነው፤ የእመቤታችንን ስዕል እንጋርዳለን፣ ስለምናከብራት። እሱን ግን ለምን እንደጋረድነው እኛ ነን የምናውቀው። ከኋላ አንዱ «በሉ ጉድ ፈላ» አለ። «የመንግሥተ ሰማያት ቁልፍ እኮ እሱ ዘንድ ነው። በሩ ላይ ሲያገኘን ‹እናንተ አይደላችሁ ይሁዳ ያላችሁኝ?› ቢለን ምን እንመልሳለን?» ሳቅ መጣ፤ ቄሱም ሳቁ። ፋዘር ዊልያም የደስታ ሳቅ መስሏቸው አብረውን ሳቁ። ያልሳቁት ጋሽ ኪዳኔ ብቻ ናቸው።

«ብርቄ» አሉኝ። «እስቲ ጠይቂልኝ። እርግጠኛ ናቸው?»

ጠየቅሁላቸው። ፋዘር ዊልያም «ኑ» አሉና አራት ሆነን ስዕሉን አውርደን ወደ መኪና ማቆሚያው አወጣነው። ስዕሉ የፀሐይ ብርሃን ካየ ስንት ዘመኑ ይሆን። ፋዘር ዊልያም መሐረባቸውን በውሃ አርጥበው የታችኛውን ጥግ ቀስ እያሉ ጠረጉ። መጀመሪያ ቀይ ነገር ወጣ፤ የአውራ ዶሮ አናት ላይ የሚቆመው ኩክኒ ነው። ከዚያ አንገቱ፣ ከዚያ ላባው። ከተቆላለፉት እጆች ሥር ደግሞ ሁለት ቁልፍ በገመድ ተንጠልጥሏል። ዶሮው ከመጮኹ በፊት ሦስት ጊዜ «አላውቀውም» ያለው፣ ከዚያም ወጥቶ ያለቀሰው ጴጥሮስ ነው። ጎንበስ ብዬ ፊቱን አየሁት። በዚያ ብርሃን ሌላው ዓይኑም ይታይ ነበር። እዚያው ጥላው ውስጥ ነበር፤ ተከፍቶ።

ጋሽ ኪዳኔ የመኪና ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ መልሰው አደረጉት።

ስዕሉን የት እናድርገው የሚለው ጭቅጭቅ አልረዘመም። ቄሳችን «ክብር ይገባዋል፣ ግን አሳሳሉ የእኛ ሥርዓት አይደለም፤ ቤተ መቅደስ አይሰቀልም» አሉ። አንዱ ቤቴ ጠባብ ነው አለ፤ አንዷ ልጆቼ ይፈሩታል አለች። ጋሽ ኪዳኔ ተነሱና «እኔ እወስደዋለሁ፤ የምሰቅልበት አለኝ» አሉ። የሚኖሩት አንዲት ክፍል ተከራይተው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። መጋረጃው ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ዛሬም የእመቤታችንን ስዕል ሸፍኖ ይኖራል።

በዚያው ሳምንት ደወሉልኝ። «ብርቄ፣ ቅዳሜ ኦፍ ነሽ? ሳን ሆዜ ልሄድ ነው። ስዕሉን ከኋላ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ለማን ነው፣ ጋሼ?»

«ለወንድሜ» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስምንት ሰማንያ ብለን የምንጠራው ፍሪዌይ ቅዳሜም አይለቅም። ፍሪሞንት ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆመ። እኔ ከኋላ ወንበር ስዕሉን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ እንዳይጫን አቅፌዋለሁ። ካሴቱ ያንኑ ገጽ ይዘፍናል። ጋሽ ኪዳኔ ድምፁን ቀነሱት። በመስታወቱ የሚታየኝ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነበር።

«ያን ክፉ ጊዜ ታስታውሻለሽ» አሉ። «ስም እየተጣራ፣ ኤርትራዊ የተባለ ሰው ከየቤቱ እየተለቀመ ከአገር ሊወጣ አውቶቡስ ላይ ሲጫን።»

«አስታውሳለሁ።»

«ሀብቶም እኔ ግቢ፣ ከኋላ ክፍል ይኖር ነበር። መጡና ይዘውት በር ላይ ቆሙ። ‹ይህ ሰውዬ ምንህ ነው?› አሉኝ። እኔ ያለሁት በአጎቴ ስም ነው፤ ወረቀቴ ንጹሕ ነው። ልጆቼ ከኋላዬ ቆመዋል። ‹ተከራይ ነው› አልኳቸው። ‹ብዙም አላውቀውም።›»

ከኋላችን ያለ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ትንሽ ተጠግተን እንደገና ቆምን።

«እሱስ ምን አለ?»

«አየኝ። ከዚያ ‹አዎ፣ ተከራይ ነኝ› አላቸው። በነጠላ ጫማው ነው የሄደው።»

ከዚያ እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ፣ ለመንገዱ የሚናገሩ ይመስል፣ ቀስ ብለው ቀጠሉ። «ያን ጥግ የመረጥኩት ቦታዬ ነው ብዬ ነው። መጋረጃውን ስስብ ራሴን የምሸፍን ይመስለኝ ነበር። ይሁዳም አዝኗል፣ ግን አልተመለሰም፤ በቃ፣ እንደሱ ነኝ ብዬ ተቀምጬ ነበር። አሁን ሽማግሌው ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ጴጥሮስ ተመልሶ ሄዷል። ሄዶ ምን እንዳለ አላውቅም። ግን ሄዷል። አይደለም?»

የአንድ ሳምንት ሥራ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ስዕሉም ከብዶኛል። «የቀኙ ሌይን ክፍት ነው፣ ጋሼ፤ ይቀይሩ» አልኳቸው። ቀየሩ።

የሀብቶም ቤት ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ስዕሉን ሁለት ሆነን ይዘን በየደረጃው እያረፍን ወጣን። የከፈተችልን ሚስቱ ለተብርሃን ናት፤ የተጋቡት እዚሁ አሜሪካ በመሆኑ ጋሽ ኪዳኔን አይታቸው አታውቅም።

«ማንን ፈለጋችሁ?»

ከውስጥ የወንድ ድምፅ «ማነው?» አለ።

«አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴትዮ ናቸው። ትልቅ ነገር ተሸክመዋል።»

ሀብቶም በነጠላ ጫማ እየተጎተተ መጣ። ከታላቁ ይልቅ ያረጀው እሱ ነበር። ቆዳው ጠቁሯል፣ ክንዱ ላይ ፋሻ ተጠምጥሟል፤ በኋላ እንዳወቅኩት ኩላሊቱ ከሥራ ውጭ ሆኖ ደሙ በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን ይታጠብ ነበር። በሩን ተደግፎ ወንድሙን አየ። ጋሽ ኪዳኔ የስዕሉን ጠርዝ እንደያዙ መሬት መሬት ያያሉ።

ለተብርሃን ሁለቱን እያፈራረቀች አየች። «ታውቀዋለህ እንዴ?» አለችው።

ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ጥቂት ጊዜ ነው የፈራሁት። «አላውቀውም» ቢል ማን ይፈርድበታል?

«አከራዬ ነው» አለ ሀብቶም። ትንሽ ቆየና «አዲስ አበባ» ሲል ጨመረ።

ከዚያ ከበሩ ዞር አለ። «ግቡ እንጂ። ከበዳችሁ እኮ።»

ስዕሉን ሶፋው ላይ አስደግፈን ብርድ ልብሱን ገለጥን። ለተብርሃን አማተበችና «ኧረ ይሄ የሚያለቅስ ሽማግሌ ማነው? ቤቴ ውስጥ ያለው በሽታ አይበቃም?» አለች። ሀብቶም መነጽሩን አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ፊቱን፣ እጆቹን፣ ከዚያ ጥጉን።

«ይሄ ዶሮ ነው?» አለ።

«ዶሮ ነው» አሉ ጋሽ ኪዳኔ። ይህ ከስንት ዘመን በኋላ ለወንድማቸው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«ደብዳቤ ብትጽፍ ይቀልህ ነበር፤ ይህን ተሸክመህ ፎቅ ከምትወጣ።» ሀብቶም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ጋሽ ኪዳኔ ውሃ ሊያመጡለት ተነሱ፤ ወጥ ቤቱ የት እንደሆነ ሳያውቁ መሃል ላይ ቆሙ። ለተብርሃን በአገጯ አሳየቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ዓመታት ብዙ የሚነገርላቸው አይደሉም። ጋሽ ኪዳኔ ታክሲያቸውን ይዘው ሳን ሆዜ ይወርዳሉ፣ ቆጣሪውን አጥፍተው ሀብቶምን ወደ ማሽኑ ያደርሱታል፣ አብረውት ይቀመጣሉ፣ ይመልሱታል፣ ወደ ኦክላንድ ይመጣሉ። ሰውነታቸው አለቀ። «ጋሼ፣ ይረፉ እንጂ» ስላቸው «ብዙ ዓመት አርፌአለሁ» ይሉኛል። የእኔም ሕይወት እንደዚያው ነበር፤ ሥራ፣ ባቡር፣ ሥራ። አንድ የበዓል ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ስዕሉ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ወንድማማቾቹ ኳስ እያዩ ነበር፤ ድንገት ጋሽ ኪዳኔ «ሀብቶም፣ ያን ቀን…» ብለው ጀመሩ።

«ተወው።»

«አልተውም፣ ልበለው። ይቅር በለኝ።»

«አንተ ‹ተከራይ ነው› አልክ፣ እኔ ‹አዎ› አልኩ። ሁለታችንም ነን የዋሸነው። ልጆችህ ከኋላህ ቆመው ነበር፤ አይቻቸዋለሁ።» ሀብቶም ዓይኑን ከኳሱ ሳያነሳ እጁን ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «ደግሞ ይቅር ባልልህ ይህን የዶሮ ነጋዴ ሳሎኔ እሰቅለው ነበር? ድምፁን ጨምርልኝ፤ ደክሞኛል።»

ጋሽ ኪዳኔ ድምፁን ጨመሩለት። እኔ ግን ወደ ስዕሉ ቀና አልኩ። ከጽዳቱ በኋላ እንኳ ያ እንባ አልወረደም ነበር፤ እዚያው ቆሟል። ድሮ ይህ ያሳዝነኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሊወርድ ትንሽ የቀረው መሰለኝ። የኮሌጅ መምህሬ «ሴይ ሞር» ስትለኝ ልነግራት የፈለግሁት ይህን ይመስለኛል፤ ሰዓሊው ሰውየውን የያዘው ማልቀሱን ጨርሶ ገና ሳይነሳ፣ የሚነሳበትን ጉልበት ከየት እንደሚያመጣ በማያውቅበት ሰዓት ላይ ነው።

የመጨረሻው ቀን ስቅለት ነበር። አዲሱ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ እንሰግዳለን። ጋሽ ኪዳኔ በዚያ ዕድሜያቸው ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ሲያደርጉ ከፊቴ አያቸዋለሁ። እኩለ ቀን ላይ ሀብቶም ሆስፒታል ገብቷል የሚል የለተብርሃን ስልክ መጣ። ነጠላቸውን እንዳደረጉ ወጡ፤ እንዲነዱ አልፈቀድኩላቸውም፣ እኔ ነዳሁ። ፍሪሞንት ላይ መንገዱ ክፍት ነበር። ሳን ሆዜ ሆስፒታሉ ደርሰን፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ አንድ ወጣት ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል። ገና አፉን ሳይከፍት፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው፣ ጋሽ ኪዳኔ «ብራዘር» አሉ። «አይ አም ሂዝ ብራዘር።»

ልጁ መታወቂያቸውን ተቀበለ፤ ኮምፒውተሩን አየ፤ እንደገና መታወቂያውን አየ። ስማቸው ያው የአጎታቸው ስም ነው፤ የሀብቶም ደግሞ የአባታቸው። አዲስ አበባ ላይ ያዳናቸው ወረቀት እዚህ በር ላይ አቆማቸው። ልጁ ክፉ አልነበረም። «ሰር፣ ላስት ኔማችሁ አንድ አይደለም» ያለ ይመስለኛል፤ ከዚያ ሊረዳቸው ፈልጎ «ሃፍ ብራዘር?» አላቸው፤ በአንድ ወላጅ ብቻ ነው የምትገናኙት ለማለት።

«ኖ» አሉ ጋሽ ኪዳኔ። ያን የሚያህል ድምፅ ከዚያ ከደከመ ሰውነት ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞረ። «ኖት ሃፍ። ፉል። ፉል ብራዘር።»

ድምፃቸውን ሰምታ ለተብርሃን በሩን ከፍታ ወጣች። «ወንድሙ ነው» አለች ለልጁ በአማርኛ፤ ከዚያ እንግሊዝኛው ትዝ ሲላት በእንግሊዝኛ ደገመችለት። እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ነጠላቸው ከኋላ ወለሉን እየጠረገ ሲገቡ አየሁ፤ ግንባራቸው ላይ የምንጣፉ ምልክት አልጠፋም ነበር።

ሀብቶም ያረፈው በዚያው ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እጁ በወንድሙ እጅ ውስጥ እንዳለ ነው። በዚያ ዓመት የካቶሊኮቹም የእኛም ስቅለት በአንድ ቀን ውሎ ነበር፤ ዓርብ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2006 ዓ.ም.።